አሥራ አንደኛው ሉህ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ከምንም በፊት ስለ ጤናህ ንገረኝ። ወገብህ እንዴት ነው? ያ ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሰው እያወራ መሃል ገብተህ ታስላለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላው ሰውነቴ ሰላም ነው። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቋ በቁመት በልጣኝ አሁን ከላይ ወደ ታች እያየች ትመክረኛለች። ባለቤቴም ደህና ነው። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ስቀመጥ አይቶ ለማን ነው አለኝ። ለወንድሜ ስለው መነጽሩን አውልቆ አንዴ አየኝና ሻይ ሊያፈላ ተነሳ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ "ደህና ነሽ?"፣ "ደህና ነኝ"፣ "በይ እሺ" ብቻ ስንባባል የሰማ ሰው ነው፤ ቢገርመው አልፈርድበትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ዙሪያ ጥምጥም ያንተ ሥራ ነው፣ እኔ አልችልበትም። መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ። ገና ሽፋን ሳይለብስ፣ ገና ሰው እጅ ሳይገባ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤ ጨርሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። የማተሚያ ቤታችን ማሽኒስት አንድ ጠዋት በጋሪ የተጫኑ ሉሆች እየገፋ ወደ ጥራዝ ክፍላችን መጣ። አንተ ሥራዬን "ወረቀት ማጣጠፍ" እያልክ ስታቃልለው ስለኖርክ ላስረዳህ። መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይታተምም። አንድ ትልቅ ሉህ ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ይታተማል፤ ሉሁን እናጥፋለን፤ የታጠፉትን በቁጥራቸው እንደረድራለን፤ እኔ በክር እሰፋቸዋለሁ፤ ከዚያ ኮላ ይቀባና ሽፋን ይለብሳል። ያንተ መጽሐፍ አሥራ ስድስት ሉህ ነው። ሉሆቹ ደግሞ በተራቸው አይመጡልንም። ማሽኒስቱ የተመቸውን ያስቀድማል፤ ያልተመቸውን ያስጠብቀናል። እንደ ዕድል ሆኖ ያን ቀን የመጣው አንደኛው ነበር። ገለጥ ሳደርገው የመጽሐፉ ርዕስ፣ ከሥሩ ደግሞ ስምህ።

ማጠፌን አቆምኩ። አጠገቤ የምታጥፈው፣ አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የምንላት ሴት፣ አንገቷን አስግጋ አየችና የአባቱ ስም ካንቺ የአባት ስም ጋር አንድ ነው፣ ዘመድሽ ነው እንዴ አለችኝ። ስም ይገጥማል አልኳት። ወንድሜ፣ ካድኩህ። እዚያው ቆሜ፣ ስምህን በእጄ ይዤ ካድኩህ።

ለምን? ፈርቼ ነዋ! ምን እንደፈራሁ አንተም ታውቃለህ፤ ግን ተናግረነው ስለማናውቅ ዛሬ በጽሑፍ ልበለው። እማዬ እኔ ቤት ተኝታ ሳለች፣ ያን ሐሙስ ጠዋት ሊያያት የመጣው ሐኪም ወደ ደጅ ጠርቶኝ ሁለት ቀን ብትቆይ ነው ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደወልኩልህ። ያልኩህ ግን "ደህና ናት፣ እየተሻላት ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍህን አቅርበህ ተመረቅ፣ አትምጣ" ነው። አንተም እሺ አልክ። በማግስቱ ደውዬ ማረፏን ነገርኩህ። ለቀብር መጣህ፣ ቆምክ፣ ሄድክ። አንድም ቃል አልጠየቅከኝም። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር! አንተ ግን ዝም አልክ። ስለዚህ ስምህን ወረቀቱ ላይ ሳይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቃ፣ ጻፈኝ። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ ሲያጠራቅም ከርሞ፣ አሁን አሳትሞ ለአገር ሊያነብብኝ ነው አልኩ።

መጽሐፍህን ማንበብ የጀመርኩት ጥበብ ፍለጋ እንዳይመስልህ። ራሴን ፍለጋ ነው። ቀለም የደበዘዘበት ወይ የተጨማደደ ሉህ ስለሚጣል፣ ከሚጣለው አንዳንዱን እያነሳሁ በምሳ ሰዓት ከወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጬ ማንበብ ያዝኩ።

አሁን የመጀመሪያ ስሜቴን ልንገርህ፤ ታላቅህ ስለሆንኩ አትቀየመኝም። መጽሐፍህ ቀርፋፋ ነው! ሰውየው በመጀመሪያው ገጽ መናኸሪያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ ይላል። እሺ፣ ጎንበስ ይበል። ሁለተኛው ሉህ መጣ፤ ጎንበስ እንዳለ ነው። ሦስተኛው መጣ፤ የማሰሪያውን አንድ ጫፍ ይዟል። አርባ ስምንት ገጽ! እኔ በአርባ ስምንት ገጽ ልጆቹን አልብሼ፣ አብልቼ፣ ትምህርት ቤት አድርሼ እመለሳለሁ። እሱ ቋጠሮ ምንድን ነው ይላል። ቋጠሮ ማለት ክሩ ነው ወይስ ክሩ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ይላል። የኔ ጌታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በክር የምትሰፋ እህት እያለችህ ምን አስጨነቀህ? ደውለህ ብትጠይቀኝ ቋጠሮ ማለት ማጥበቅ ነው ብዬ በአንድ መስመር እገላግልህ ነበር፤ ወረቀትም ይተርፍልን ነበር።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ደግሞ እወቀው። ማሽኒስቱ አንድ ገጽ አንብቦ ይኼን ሰውዬ አውቶቡሱ ጥሎት ነው የሚሄደው አለ። ሬዲዮ ሚስት ስለሌለው ነው፣ ሚስት ብትኖረው ተነስ ትለው ነበር አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም፤ በየገጹ እህት የሚል ቃል ስፈልግ ዓይኔ ደክሟል።

ግን አንተዬ፣ አራተኛው ሉህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ፊት ለፊቱ አንዲት አሮጊት ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጣለች። እሱ ያያታል። ሌላ ምንም አይሆንም፤ አሮጊቷ ትልጣለች፣ እሱ ያያል። ልጣጩን ሳትበጥስ አንድ ላይ አውጥታ፣ እንደማይረባ ነገር ሳትጥለው፣ ጭኗ ላይ መልሳ እንደ ሙሉ ብርቱካን አድርጋ ታስቀምጠዋለች። አመልካች ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። እማዬ አላልክም። ስም አልሰጠሃትም። ግን ማንን ልታታልል ነው? ያቺ ጣት አፍንጫዬን ስንት ጊዜ ጠርጋዋለች! ሬዲዮ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ኮላው ዓይኔን አቃጠለኝ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ችኮላዬ ለቀቀኝ። አንድ ቀን መርፌዬን ቋጠሮ ላይ አቁሜ ቀዳዳውን ሳየው ራሴን ያዝኩት። ቀስ እያለ የሚገባ መጽሐፍ ነው የጻፍከው። እኔ ለማፍጠን ስገፋው አይሄድም፤ ስተወው ደግሞ ቤት ድረስ ይከተለኛል፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰውየው ያለውን አስባለሁ። ጎበዝ ነህ። ማዘግየትህ ግን እኔን ሊገድለኝ ነበር፤ ምክንያቱም በእኔ ላይ የፈረድከውን ገና አላገኘሁትም።

ሉሆቹ በተራ አለመምጣታቸው ደግሞ መከራዬን አበዛው። አሥራ ስድስተኛው ከዘጠነኛው ቀድሞ መጣ። ስለዚህ ሰውየው ሳይሳፈር ከመናኸሪያው ወጥቶ በእግሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ያየሁት ለምን እንደቀረ ሳላውቅ ነው። አሥራ ሁለተኛውም መጣ። በመጨረሻ አሥረኛው መጣልኝ። የገጽ መቶ ስልሳ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ "ስልኩ ጠራ። እህቴ ነበረች። እንዲህ አለችኝ።" እዚያ ላይ ሉሁ አለቀ። አሥራ ሁለተኛውን ሮጬ አነሳሁት። በገጽ መቶ ሰባ ሰባት የሚጀምረው "ብዬ ዘጋሁት" ብሎ ነው። መሃሉ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። አንድ ሰው ለጫማ ማሰሪያ አርባ ስምንት ገጽ ከሰጠ፣ ለእኔ በአሥራ ስድስት ገጽ ምን ያደርገኛል? ጉዴ ፈላ!

አሥራ አንደኛው ሉህ በሦስተኛው ቀን መጣ። አሁን የምነግርህን ለማንም እንዳትነግር። ጋሪውን ተቀበልኩ፣ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ከቁርጥራጭ ወረቀት ጆንያዎቹ ጀርባ ገፍቼ አስገባሁትና ሸራ አለበስኩት። አላነበብኩትም። አንድ መስመር አላየሁም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ የልጆች እናት፣ ወረቀት ደበቅሁ። ምን አስቤ ነበር? ካልታጠፈ አይሰፋም፣ ካልተሰፋ አይወጣም፣ ካልወጣ አልተጻፍኩም። ያን ቀን ይህ ትክክለኛ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሉሆቹን ጠረጴዛው ላይ በተራ ዘረጋሁ፤ የአሥራ አንደኛውን ቦታ ዘልዬ አሥረኛውንና አሥራ ሁለተኛውን አጠጋጋኋቸው። ሬዲዮ እያወራች እየዞረች ሰበሰበች። እኔም ሰፋሁ። ሁለት መቶ መጽሐፍ ሰፋሁ። ሁለት መቶ ጊዜ ስልኩ ጠራ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ምንም ሳልናገር ተዘጋብኝ።

አለቃችን ግን ሚሊሜትር የሚባለው በከንቱ አይደለም። በእያንዳንዱ ሉህ ጀርባ ላይ፣ እጥፋቱ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለች፤ የሚቀጥለው ሉህ ምልክት ትንሽ ዝቅ ትላለች። ሉሆቹ በተራ ሲሰፉ ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። ሚሊሜትር አንዱን አንስቶ ጣቱን በደረጃው ላይ ወደ ታች ሲነዳ ቆም አለ። እዚህ ጋ አንድ ደረጃ ጎድሏል አለ። ሌላውን አነሳ። ሌላውንም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ታመሻል እንዴ አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሉህ አጉድለሽ አታውቂም አለኝ። ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማማረር ጀመረ። ይህ ደራሲ በሚኖርበት ከተማ ስንትና ስንት ማተሚያ ቤት እያለ እዚህ ድረስ ተሸክሞ አመጣብን፤ በኮላ ብቻ ይበቃል ስለው ካልተሰፋ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ማን ነው የሚሰፋልኝ ብሎ እንኳ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ በክር የምትሰፋ ደግሞ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺው ጉድ ታደርጊኝ አለ።

ለካ እኔ እንድሰፋው ብለህ ነው እዚህ ያመጣኸው! መርፌው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ስፈልገው ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ተነስቼ ሸራውን ገለጥኩና እዚህ ነበር፣ ሳላየው ቀርቼ ነው አልኩት። ሚሊሜትር ሸራውን አየ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ እኔን አየ። ምሳ በልተሽ ትፈቺዋለሽ ብሎ ሄደ።

ምሳ አልበላሁም። አንድ ሉህ አነሳሁ፣ በደንብ አጠፍኩ፣ ጠርዙን በቢላዋ ከፈትኩ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና አነበብኩ።

አንተ ልጅ። አንተ ልጅ!

ለካ ታውቅ ኖሯል። አሥራ አራት ገጽ ሙሉ ሰውየው ስለ እህቱ ድምፅ ያስባል። እህቴ በሕይወቴ ሙሉ ስትቆጣኝ ኖራለች፣ ቁጣዋ እውነቷ ነው፣ ያን ቀን ግን አልተቆጣችም ይላል። የኔ ጌታ እያለች፣ ቀስ እያለች፣ እንደ እንግዳ አናገረችኝ፤ ያን ጊዜ እናቴ እየሞተች እንደሆነ አወቅሁ ይላል። ከእህቱ ድምፅ በስተጀርባም እናቱ ስሙን ስትጠራ ሰምቷል። ትኬቱ ኪሱ ነው፣ ቦርሳው እግሩ ሥር ነው፣ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አትምጣ ስትለው ግን ሰውነቱ ቀለለው። ፈርቶ ነበር። እናቱን እንደዚያ ሆና ማየት ፈርቶ ነበር። ከዚያ ያንን ጻፍክ፦ "እህቴ በሩን ዘጋችብኝ ብዬ ለሰው መናገር እችላለሁ። የሚዘጋልኝ ሰው ስፈልግ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። እሺ አልኳት፤ እሺ ያልኩበትን ፍጥነት ደግሞ ሁለታችንም ሰምተነዋል። እሺ፣" ሉሁ እዚህ አለቀ። ቀጣዩን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ "ብዬ ዘጋሁት።"

እፎይ አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ከአንጀቴ፣ እፎይ! ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ለዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ይዤዋለሁ ያልኩትን አንተም በወዲያ በኩል ይዘኸው ኖሯል። ሬዲዮ ሮጣ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሰውየው ተነሳ አልኳት። እሰይ፣ እግሩ ደንዝዞ ይሆናል አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቆይቼ ጠራኋትና ደራሲው ወንድሜ ነው አልኳት። ወዲያው ለማሽኒስቱ ልትነግረው ሮጠች።

ሁለት መቶውን ፈትቼ እንደገና ሰፍቻለሁ። ጣቴ ቆስሏል፤ ግድ የለም። መጽሐፎቹ በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ያልቃሉ። ሾፌር ልከህ እንዳታስወስዳቸው፤ ራስህ ና። ግን ከመምጣትህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፤ አንተ ያንተን ከተናገርክ እኔ ግማሽ አልናገርም።

መጽሐፍህ ውስጥ እህትየው የዋሸችው ለወንድሟ ምርቃት አስባ ነው። ደግ አድርገህ ነው የጻፍከኝ። እኔም ለሰው ሁሉ፣ ለባለቤቴም ጭምር፣ እንደዚያ ብዬ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ቅናት ነው። ስምንት ወር ገላዋን ያጠብኳት እኔ፣ ያገላበጥኳት እኔ፣ በማንኪያ ያበላኋት እኔ። እሷ ግን ልጄ ደወለ? ልጄ መጣ? ትላለች። አንድ ቀን ብሶኝ እኔስ ምንሽ ነኝ አልኳት። "አንቺማ አለሽ" አለችኝ። ዛሬ ሳስበው ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? ያን ቀን ግን ስድብ መሰለኝ። ብትመጣ እጇን የምትይዘው አንተ፣ ወጥ ቤት ውሃ የማፈላው እኔ ሆኜ ታየኝ። ስለዚህ አትምጣ አልኩህ። የመጨረሻዋን ቀን ለራሴ ፈለግኋት።

ለራሴ ግን አልሆነችም። ዓርብ ጠዋት ዓይኗ ማየት ተወ። እጄን ዳበሰችና በስምህ ጠራችኝ። መጣህ? አለች። እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን "አቤት" ነው። ድምፄን አወፍሬ፣ ባንተ ቦታ፣ አቤት አልኳት። ፊቷ ሲፈታ አየሁት። ስለዚህ ልጇን ሳታገኝ አልሄደችም፤ ይህን ይዘህ ተኛ።

ከዚያ እጄን ወደ እሷ ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እኔ እህትህ እንዳልሰማት ፈርታ መሆኑ ነው። "እህትህ ደክማለች። ይህችን ልጅ በደንብ አላመሰገንኳትም፤ አፌ እምቢ ይለኛል። እኔ ስሄድ ብቻዋን እንዳትተዋት፤ ብትቆጣህም ሂድባት።" መልእክቱ ያንተ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት አስቀርቼብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። መልሴን እየጠበቀች እጄን ጨበጥ ስታደርገው፣ እሺ እማዬ አልኳት፤ ባንተ ስም።

ወገብህን ፈጣሪ ያበርታልህ፤ ብዕርህንም፣ ትንሽ ፍጥነት ጨምሮ፣ ይባርክልህ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ በሰላም ያገናኘን።

የምትቆጣህ
እትዬህ